አቡጀዲ የቀበረው ሰው

እኛ አገር ሰው ሲሞት «አፈር በላው» እንላለን። ያን የመሰለ ጎበዝ አፈር በላው! ያቺን የመሰለች ሴት አፈር በላት! ለመሆኑ አፈር ሁሉ እኩል ይበላል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አትጠይቁም። የትኛው ጤነኛ ሰው ይጠይቃል! እኔ ግን ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህንኑ ለመጠየቅ ነበር። ልንገራችሁ፤ አፈርም እንደ ሰው ነው። ሆዳም አለ፣ የምግብ ፍላጎቱ የተዘጋ አለ፣ ቢያቀርቡለትም የማይነካ አለ። ይህን አጣራለሁ ስል ግን ራሴን አፈር ላስበላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። በታችኛው አዋሽ፣ በአንድ የመንግሥት የጥጥ እርሻ፣ የአፈር ላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ሰመራ የምትባለው ከተማ ያኔ የለችም። ቦታዋ ግን ነበረ፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና ወደ አሰብ የሚሄድ አስፋልት። እርሻችን ከዚያ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው። ሙቀቱን አላወራላችሁም። ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አያምነኝም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ዘመኑ ደግሞ ለፈሪ የሚሆን አልነበረም። ጂፕ ይመጣል፣ ስም ይጠራል፣ ሰው ይሄዳል፣ አይመለስም። በእርሻው በር ላይ ሻይ ቤት የነበራቸው የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ልጃቸው የሄደው እንዲህ ነው። ኑሩ ይባላል፤ ትራክተር ነጂ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ እጁን አወጣና፣ ጥጥ ስናመርት እየዋልን ስለምን የተቀደደ ሸሚዝ እንለብሳለን ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ጂፑ ከአሳይታ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። እናትየው ሻይ መቅዳታቸውን አላቆሙም። ሞተር በተሰማ ቁጥር ግን ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ወደ ደጅ ይወጣሉ። እኔም ሞተር በተሰማ ቁጥር ከላብራቶሪው በር ጀርባ እቆማለሁ። ልዩነታችን፣ እሳቸው ጂፑ ልጃቸውን ይዞ እንዲመጣ ይጸልያሉ፣ እኔ ጨርሶ እንዳይመጣ።

ወደ አፈሩ ልመለስ። የክፍላችን ኃላፊ ጓድ አሰለፈች የሚቀመጡት አዲስ አበባ ነው። የጥጡ ምርት ከዓመት ዓመት ማሽቆልቆሉ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ማዳበሪያ ጨመርን፣ ምንም። ውሃ ጨመርን፣ ባሰበት። ኋላ እሳቸው አንድ ነገር ጠረጠሩ። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ አንዲት እፍኝ አፈር ውስጥ ያለው ነዋሪ ከአዋሽ ከተማ ሕዝብ ይበልጣል። ቅጠሉን፣ ፋንድያውን፣ ሥራሥሩን እየበሉ ለተክሉ የሚያቀርቡለት እነሱ ናቸው። እንደ ሰፈር ነው። በረት ውስጥ የሚኖሩት ሌላ፣ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት ሌላ፤ መሬቱን ስትለውጡት ነዋሪውም ይለወጣል። የሚበሉት ስታሳጧቸው ደግሞ ሰፈሩ ይፈርሳል። የእኛ ማሳ ሰፈሩ ፈርሶ ይሆን? የጓድ አሰለፈች ጥያቄ ይህ ነበር።

በምን ይታያል? ማይክሮስኮፑ አሰብ ወደብ ላይ ከታሰረ ቆይቷል። ወደብ ላይ ዕቃም ይታሰር ነበር እኮ በዚያ ዘመን! ድሃ አገር ታዲያ ምን ይሠራል? ዘዴ። ጓድ አሰለፈች እንዲህ ብለው አዘዙኝ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ግዛ። እኩል እኩል ቁረጥ። አንዱን ጥጥ ማሳው ውስጥ፣ አንዱን ከብት በረት፣ አንዱን ወንዙ ዳር ጫካ፣ አንዱን ጨው የበላው መሬት ላይ ቅበር። ሁሉንም እኩል ውሃ አጠጣ። ወራት ሲያልፉ አውጥተህ እይ። ጨርቁ ከተበላ አፈሩ በሕይወት አለ፣ ጨርቁ ደህና ከሆነ አፈሩ ሞቷል ማለት ነው። ቀላል አይደል? እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

የጥጥ እርሻ ውስጥ እየኖሩ ጨርቅ ማግኘት እንደሚቸግር ከኑሩ ጥያቄ ተረድታችኋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስመለስ አዋሽ ከተማ ላይ ወረድኩ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጋሼ ይመር የሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ ነበራቸው።

«ጋሼ ይመር፣ አቡጀዲ ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ያኔ አቡጀዲ እንደ ልብ አይገኝም፤ ነጋዴ ከጓዳ የሚያወጣው ለከፈን ብቻ ነው። ይህን እኔ የት አውቄ! እስላም ሞት ሲሰማ የሚለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና ጓዳ ገብተው ጣቃውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ጠየቁኝ። የወንድና የሴት ከፈን ልኩ እንደሚለያይ የገባኝ ስንትና ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው። በዚያች ሰዓት የወንድ አቡጀዲና የሴት አቡጀዲ ያለ ነው የመሰለኝ።

«ልዩነት የለውም ጋሼ» አልኳቸው። «ብቻ ለአራት ይብቃኝ። አራት ቦታ ነው የምቀብረው።»

«አራት?»

«አዎ፣ አራት። አንዱን ጥጥ ማሳው ውስጥ፣ አንዱን በረት፣ አንዱን ወንዝ ዳር፣ አንዱን ጨው መሬቱ ላይ። ከአዲስ አበባ ታዝዤ ነው።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሽማግሌው በክንዳቸው እየለኩ ሲቆርጡልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «አላህ ይረህማቸው» አሉ። ማንን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ያሉት አባቶች እኔን አይተው መሆን አለበት።

ይዞኝ የሚሄደው የአሰብ መኪና ሾፌር ደግሞ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። የአሰብ መንገድ ሾፌር ወሬ ካገኘ ጭነቱን ትቶ ወሬውን ነው የሚያደርሰው። ጋቢና ውስጥ ሌላውን መንገደኛ አስወርዶ መስኮቱን ለቀቀልኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው አልኩ በልቤ። እኔን እርሻው በር ላይ ጥሎ ቀጠለ። ከእኛ አልፎ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ዲቾቶ ሲደርስ አራቱ ስምንት ሆነው ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ለበረቱ ሁመድ የሚባሉትን የአፋር ሽማግሌ አስፈቀድኩ፤ የእሳቸው ነው። እዚህ ጥቂት ነገር ልቅበር ብላቸው ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ፣ መንግሥት ካለ ምን እላለሁ አሉኝ። ቀበርኩ። ቦታው እንዳይጠፋብኝ ምልክት አስፈለገኝ። እንጨት ብተክል ለማገዶ ይነቀላል። ስለዚህ በየጉድጓዱ ላይ ድንጋይ ከመርኩ። በአፋር ምድር ድንጋይ የሚከመረው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለሙት ነው። እኔ ደገኛው ግን አላወቅሁም። ከዚያ ደግሞ እንደታዘዝኩት ጀሪካን ተሸክሜ በየሳምንቱ ድንጋዮቹን ውሃ አጠጣለሁ። አዲስ መቃብር ላይ ውሃ ማርከፍከፍ የእስላሙ ሁሉ ልማድ ነው። አሁን ራሳችሁን በመንገደኛው ቦታ አድርጋችሁ እዩኝ። ነጭ ጨርቅ የገዛ፣ አራት ቦታ የቆፈረ፣ ድንጋይ የከመረ፣ በየሳምንቱ ውሃ የሚያርከፈክፍ የመንግሥት ሠራተኛ!

ሰው ያከብረኝ ጀመር። ወረፋ ላይ «ይለፉ» እባላለሁ። ዘበኛው ሰላምታ ይሰጠኛል። ሁመድ በረታቸው አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ዘርግተው ለሙት ፋቲሃ ይቀራሉ፤ እኔን ሲያዩኝ መንገድ ይለቁልኛል። እትዬ ዘይነባ ከድስቱ የተመረጠውን ሥጋ ለእኔ ያወጡልኛል፤ ትክ ብለው ያዩኛል፤ አንድ ነገር ሊሉኝ ይከጅሉና ይተዉታል። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔን ግን ጭንቀት ሊገድለኝ ደረሰ። ምን ተገኝቶ ነው የምከበረው? በሬ ለእርድ ሲታሰብ አይደል እንዲህ የሚቀለበው! ስሜ ከአንድ ቦታ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ አውቆ እኔን ደብቆኛል፣ ጂፑ መንገድ ላይ ነው አልኩ። ሥጋው ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ በሻይ አወርደዋለሁ።

በዚህ መሐል የእርሻው ካድሬ ጓድ ታፈሰ ላብራቶሪዬ መጣ። ሲጋራ ጋበዘኝ። ካድሬ ሲጋራ ሲጋብዝ አይታችኋል? አላጨስም ልለው ፈርቼ ተቀበልኩና እያሳለኝ አጨስኩ።

«ሥራው እንዴት ይዞሃል፣ ጓድ ምትኩ?»

«ደህና ነው፣ ጓድ።»

«ትእዛዙ ከላይ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ከአዲስ አበባ።»

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?»

«አንድ ክንድ።»

«ክንድ ብቻ?» አለና ላቡን ጠረገ። «ጅብ ያወጣዋል እኮ፣ ጓድ!»

ጅብ አቡጀዲ ምን ያደርግለታል ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። ለካ እሱም ፈርቶኛል። ከበላዩ ያለ አካል ሳያማክረው የላከኝ ነው የመሰለው። እኔ እሱን ፈርቼ አልጠይቀው፣ እሱ እኔን ፈርቶ አይጠይቀኝ። ያ ዘመን የቆመው በዚህ ነበር መሰለኝ።

እንቆቅልሹን የፈቱልኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሻይ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ጎንበስ ብለው ሥጋውን አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አልከስህም፣ አልረግምህም። ወላሂ ለማንም አልናገርም። ብቻ አላህን ይዘህ ንገረኝ። ከአራቱ የትኛው ነው ኑሩ?»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። የጋሼ ይመር እጅ፣ መስኮቱን የለቀቀልኝ ሾፌር፣ የሁመድ ፋቲሃ፣ የጅቡ ነገር። የጎረስኩት አፌ ውስጥ ቀረ። ያን ሁሉ ጊዜ ሥጋ ያበሉኝ ልጄን ገድሎ ቀብሯል ብለው ነው! እንድራራላቸውና ቦታውን እንዳሳያቸው። አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ አለቀስኩም። «እትዬ፣ ጨርቅ ነው! ጨርቅ ብቻ ነው የቀበርኩት!» ብዬ ጮህኩ።

«ጨርቅ ምን በደለህና ትቀብረዋለህ?» አሉኝ።

እስኪ ምን ልበል? ስለማይታዩት ፍጥረታት፣ ስለ ማይክሮስኮፑ፣ ስለ ጓድ አሰለፈች ነገርኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። ውሸት እንኳ አታውቅበትም ማለታቸው ነው። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ጓድ አሰለፈች ያሉት ጊዜ ገና አልደረሰም፤ ቢሆንም አካፋዬን አነሳሁና «ይነሱ እንሂድ» አልኳቸው።

በጠራራ ፀሐይ ሁለታችን ስንሄድ ሰው ተከተለን። ጨው መሬቱ ላይ ስንደርስ ግማሹ የእርሻው ሠራተኛ ከኋላችን ነው። ጓድ ታፈሰም እየሮጠ ደረሰ። «እንዴት በቀን! እንዴት በሕዝብ ፊት!» ይለኛል በሹክሹክታ። ድንጋዩን አንስቼ ቆፈርኩ። አቡጀዲው ወጣ። ሙሉ ነው፤ ጨው ከመያዙ በቀር ምንም አልነካውም። ከሥሩ ማንም የለም። ጥጥ ማሳው ሄድን። ያም ሙሉ ነው። አጥቤ ሸሚዝ ባሰፋው ያምርብኝ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚፈስበት ማሳ ጨው ከበላው መሬት እኩል ወጣ! ወንዝ ዳር ጫካው ውስጥ የተገኘው ብጥስጥስ ያለ ነገር ነው፤ ስይዘው እጄ ላይ አለቀ። በመጨረሻ በረቱን ቆፈርኩ። ምንም የለም። ክር እንኳ የለም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥብ አፈር ብቻ።

«በልቶታል!» ብዬ በደስታ ዘለልኩ። «አያችሁ? ሙልጭ አድርጎ በልቶታል!»

ከእኔ በቀር የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አፌ ተፈታ። ፍርሃት ለቅቆኝ ስለነበር ነው መሰል ሰበክሁላቸው። በረት ውስጥ ከብቱ ዘመኑን ሙሉ ፋንድያ ጥሎበታል፤ የሚበላ ካለ በላተኛ አይጠፋም። ጥጥ ማሳው ላይ ግን የጥጡን እንጨት ነቅለን እናቃጥላለን፤ ፋንድያ አይደርስበት፣ ቅጠል አይወድቅበት፣ በየጊዜው በአውሮፕላን የተባይ መድኃኒት እናዘንብበታለን። ማን ይኖርበታል? ሞቷል! ሕያው አፈር ማለት ይሄ ነው ብዬ ከበረቱ አፈር አንድ እፍኝ አንስቼ አሳየኋቸው። ጓድ ታፈሰ በረጅሙ ተነፈሰና፣ ጨርቅ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። ሰዉም ተበተነ።

እትዬ ዘይነባ አልሄዱም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው አፈሩን በጣታቸው ያሻሉ።

«ስለዚህ ይሄ የበላውን አይመልስም በለኛ» አሉኝ።

«አይመልስም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እዚህ ማንም አልተቀበረም ብለህ በምን ትምልልኛለህ?»

አፈሩን አራገፉና ተነሱ።

«ያኛው ይሻላል፣ የጥጡ። የሰጡትን ይመልሳል። ይሄ ያንተ ሕያው አፈር አደራ በላ ነው።»

የተማርኩትን ሁሉ በአንዲት ቃል ገለበጡብኝ። በሳይንስ ተሳስተዋል ትሉኝ ይሆናል። ልጁ የጠፋበትን ሰው ስለ ጥሩ አፈርና ስለ መጥፎ አፈር እናንተ አስተምሩ እስኪ።

በማግስቱ ጓድ ታፈሰ ላብራቶሪዬ ተመለሰ። ሲጋራ የለም። የመንግሥት አካል አለመሆኔ ታውቋልና ሰላምታውም ቀርቷል። በሩን ከውስጥ ዘጋው። ይኸው መጣ፣ አልቆልኛል አልኩ። ሊቀመጥ ወንበሬን አስለቀቀኝ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አለኝ። «ያ የበረቱ አፈር፣ ከጨርቅ ሌላም ይበላል?»

«ሌላ እንደ ምን፣ ጓድ?»

«ሌላ ነዋ። ማንኛውም ነገር። ቶሎ የሚያጠፋው አፈር የትኛው ነው?»

በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። ባለሙያ ነኝና እውነቱ ከንፈሬ ላይ መጥቶ ነበር። በረቱ ነው፣ ከዚያ ወንዝ ዳሩ። ነገር ግን አፈሩን የሚያሹት የእትዬ ዘይነባ ጣቶች ታዩኝ። ፈሪ ነኝ ብያችኋለሁ። ምላሴ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«በረት ጨርቅና ገለባ ነው የሚወደው፣ ጓድ» አልኩት። «ለጠንከር ያለ ነገር አይሆንም። ለዚያ የጥጥ ማሳው ነው። መድኃኒቱ ራሱ ያቃጥላል። ዓመት ሳይሞላ ምንም አይተርፍም።»

«የጥጥ ማሳው!» አለ። ራሱን ነቀነቀ። «ሳይንስ ደግ ነገር ነው።»

ከዚያ ወዲያ ማሳው ውስጥ ምን ተቀበረ፣ ማን ተቀበረ? አላውቅም። ምንም እንዳልተቀበረ ብሰማ ደስታዬ ነው። ጓድ አሰለፈች ግን የላክሁላቸውን ውጤት አይተው በጣም ተደሰቱ። የጥጥ ማሳው ሞቷልና ፍግ በጭነት መኪና እየተመላለሰ ይበተንበት፣ የጥጡም እንጨት አይቃጠል፣ እዚያው ይበስብስ፣ ነፍስ እንዝራበት አሉ። ትክክል ናቸው። እኔ ራሴ የተመኘሁት እሱን ነበር። አሁን ታዲያ ጉዴን እዩልኝ! ፍግ አረም ያመጣል አልኩ። ዝንብ ያመጣል አልኩ። መኪናው ተበላሽቷል አልኩ፤ አልተበላሸም። እንጨቱ ከተተወ ትል ይወልዳል አልኩ። ጓድ አሰለፈች ምን ነካህ እስኪሉኝ ድረስ፣ ደመወዝ የሚከፈለው የአፈር ባለሙያ አንድ መሬት እንደ ሞተ እንዲቆይ ተሟገትኩ።

ምክንያቱን ለእትዬ ዘይነባ ብቻ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ የሞተ አፈር አደራ አይበላም። ሥጋው ወደ ድሮው መጠኑ ተመልሷል፤ አሁን ጉሮሮዬ ላይ አይቆምም። ሞተር ሲሰማ እንደ ቀድሞው ማንቆርቆሪያውን ይዘው ይወጣሉ፤ እኔም እደነግጣለሁ። ሲመለሱ ግን አጠገቤ ቆም ይላሉ።

«አፈሩ እንዴት ነው?»

«እንደ ሞተ ነው፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ» ይሉና ሻዬን ይቀዱልኛል።